ሸዋረገድ ቲቪ አላይም በማለቷ

ሸዋረገድ በስደት በምትኖርባት በዩለስ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ዘንድሮ የጽዳት ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለሆኑ የጀማሪ ስፓኒሽ ሰርተፊኬት በሦስት ወር ውስጥ አምጡ ተባለ። ካሮልተን ወደሚባለው ጎረቤት ከተማ እየተመላለሰች ማታ ማታ ተማረች። የቃል ፈተናው ግን የመጣው በሁዳዴ እኩሌታ፣ ቀነ ገደቡ ዓርብ ሆኖ ሐሙስ ማታ ነው።

"ቲቪ ላይ ምን ያያሉ?" አላት ወጣቱ መምህር በስፓኒሽ።

"ምንም አላይም።"

"ከማን ጋር ያያሉ?"

"ከማንም።"

"በሳምንት ስንት ጊዜ?"

"አልኩህ እኮ፣ ጾም ነው! ቲቪው እስከ ፋሲካ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።"

"አሥር ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኛል። ዝም ብለው ፊልም አያለሁ ይበሉ፤ እውነት መሆን የለበትም።"

ደሟ ፈላ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በጾም መሐል ልትዋሽ? በተሰባበረ ስፓኒሽ አፏ እንዳመጣላት ወረደችበት።

"ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነሳለሁ። አሥራ ስድስት ክፍል አጸዳለሁ። ማክሰኞ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር የታመመች ጓደኛዬን ገላዋን አጥባታለሁ። ቅዳሜ ለቅሶ እደርሳለሁ። እሑድ አስቀድሳለሁ። ትርፍ ጊዜዬ ይሄ ነው፤ ስም አውጣለት!"

"ጎበዝ! ግን ይሄ ምዕራፍ ሦስት ነው፣ የዕለት ተግባር። የዛሬው ምዕራፍ ሰባት፣ መዝናኛ ነው።"

ከአሥር አራት ሰጣት። ማለፊያው ስድስት ነበር።

አብሯት የሚማረው ሹፌሩ ምናሴ ውጭ እየሳቀ ጠበቃት።

"እትዬ፣ እኔ አሥር ከአሥር! የፈረስ እሽቅድምድም በየቀኑ አያለሁ አልኩት።"

"ቤትህ ቲቪ አለ?"

"ኧረ የለኝም! ሶ ምናለበት? ፈተና እንጂ ንስሐ አይደል። ተመልሰው የአንድ ፊልም ስም ይጥሩለት፣ ኦኬ ይልዎታል።"

"አንተ ጥራለት! እኔ የተማርኩት ለመናገር ነው፤ ተናግሬያለሁ።"

ዓርብ ጠዋት፣ ከአሥር አራት የሚል ውጤት የተጻፈባትን ወረቀት አያይዛ ማመልከቻዋን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሰጠች። ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ስፓኒሽ አትችይም ማለት ነው፤ አይሆንም" ብሎ መለሰላት።

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ጋሪ ትገፋ የነበረችው ማሪሶል ይህን ስትሰማ ጋሪዋን አቁማ በስፓኒሽ ጮኸች። ሸዋረገድም በስፓኒሽ መለሰችላት። ማሪሶል ስለ ክራባቱ አንድ ነገር ስትል፣ ሸዋረገድ ስለ ጭንቅላቱ ጨመረችበት። ሁለቱ እዚያው ፊቱ ሲያሙት፣ ሰውየው አንዷን ቃል እንኳ ሳይገባው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ እየዞረ ቆሞ ቀረ።