ከእንሰት ሥር የወጣው መስቀል

ናስ መስቀል ላይ ሥዕል መቅረጽ ያስተማሩኝ፣ ሶዶ ላይ ወደር የሌላቸው የኔታ ናቸው። ሥራዬን ባሳየኋቸው ቁጥር «እጅህ ገና ነው» ይሉኛል። ልፈትናቸው ብዬ እመቤታችንን ከነልጇ ልክ በእሳቸው አቀራረጽ ሠራሁ። እግሯ ሥር እንደ ደንቡ አሠሪው፣ መስቀሉን ከፍሎ ያሠራው ሰው፣ ተደፍቶ ሲማጸን መታየት አለበት፤ አሠሪ ስላልነበረኝ መስታወት እያየሁ የራሴን ፊት ሰጠሁት። ያረጀ እንዲመስል ጓሮ እንሰት ሥር ቀብሬ አከረምኩት።

«ከገሱባ የመጣ የድሮ መስቀል ነው። የማን እጅ ይሆን የኔታ?» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ጠርገው ብዙ አዩት።

«የእኔ ነው። በወጣትነቴ የሠራሁት» አሉ።

ደስታዬን ልደብቅ አቀረቀርኩ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና ወደ መስቀሉ ተመለሱ።

«አሠሪውን አሁን አስታወስኩት፤ ግን ልጄ፣ ያኔ እናትህ እንኳ አላገባችም ነበር።»