የጋሽ ገረመው እግር

ኧረ ተዉኝ፣ «የተፈጥሮ ሕክምና» የሚል ታፔላ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል! ተፈጥሮ ምን አጠፋች? በስሟ የሚነግዱት ናቸው እንጂ።

እኔ ሰብሊ እባላለሁ፣ ሾላ ገበያ ሽንኩርት እሸጣለሁ። የምነግራችሁ ግን ከጎኔ ስላለችው ስለ ንግሥቲ ነው። ንግሥቲ የሽፈራው ቅጠል፣ አብሽ፣ ተልባና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች። ከሽሬ የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል፣ ስትናደድ ግን ወደ ትግርኛዋ ትመለሳለች።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ስንሆን ወፍራም ነበረች። ከታክሲ ወርዳ መደቧ ጋ እስክትደርስ ታለከልካለች። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ስኳር አለብሽ ተባለች። እኔ ብሆን አንድ ወር ተኝቼ አለቅስ ነበር። እሷ በሳምንቱ ከገርጂ እስከ ሾላ በእግሯ መምጣት ጀመረች። ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ። ሻይዋ ያለ ስኳር፣ ምሳዋ ጎመንና ምስር፣ እንጀራዋ መዳፍ የምታክል። እኔ ፓስታ በዳቦ ስበላ «አንቺ ሴትዮ፣ ምነው ዱቄት በዱቄት ጠቀጠቅሽው!» ትለኛለች። ዓመት ሳይሞላ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት።

ታዲያ ደንበኞቿ «ንግሥቲ፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?» ሲሏት ወደ ሽፈራው ጆንያ በአገጯ ታሳያለች፣ ከዚያ ትስቃለች። አልዋሸችም፣ ማሳየት ብቻ ነው። ገበያው ደራ። እኔም ለሰዉ ሁሉ «ቅጠል ነው ያዳናት» እያልኩ አወራሁላት፤ ምሳ እየበላን በመሃል «መጣሁ» ብላ ከጆንያው ጀርባ የምትዞረው ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ጋሽ ገረመው ከደንበኞቿ ሁሉ የምንወዳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፣ ሲኤምሲ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡና «ሰብሊ፣ ይሄ ቅጠል ከየትኛው አገር ነው የመጣው?» ብለው ይፈትኑኛል። ከጎጃም ስላቸው ከዘራቸውን መሬት እየመቱ ይስቃሉ። ንግሥቲ ስትሰፍርላቸው «ጋሼ፣ የሐኪሙን እንዳይተዉ» ትላቸዋለች። «አልተውም ልጄ» ይላሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሹፌር መጥቶ ሙሉ ጆንያ ሽፈራው ገዛ። ቦሌ ለተከፈተ የተፈጥሮ ሕክምና ማዕከል ነው አለ። በየሳምንቱ ይመላለስ ጀመር። ኩራታችን! ጋሽ ገረመው በመጡበት ቅዳሜ ሳላስቀምጣቸው «ጋሼ፣ የንግሥቲ ቅጠል እኮ ቦሌ ገባ!» አልኳቸው። ንግሥቲም እየተሽኮረመመች የት አካባቢ እንደሆነ ነገረቻቸው። ምላሴን በቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ገረመው ጠፉ። ስድስት ቅዳሜ ቆጠርን። በሰባተኛው የልጃቸው ሚስት ብሩክታይት መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ ንግሥቲ፣ እርስዎን ይሰማሉ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። «እግራቸው ቆስሏል። አዲስ ጫማ ነው የላጣቸው፣ አሁን ጠቁሯል። ሐኪም ቤት አልሄድም አሉ።»

«ክኒናቸውን እየዋጡ አይደል?»

«ከተዉት ሁለት ወር ሊሆናቸው ነው። ያ ቦሌ ያለው ማዕከል ኬሚካል ነው ብሎ አስጣላቸው። ቁስሉን ሲያሳዩአቸው ደግሞ፣ መርዙ በእግርዎ እየወጣ ነውና አይንኩት አሏቸው።»

መርዙ እየወጣ ነው! እናንተዬ፣ የሰው ሥጋ እየበሰበሰ «እየዳንክ ነው» ይባላል? ነጭ ጋውን ለብሶ፣ በመስታወት ቤት ተቀምጦ፣ አስተማሪ የነበረን ሽማግሌ እንዲህ ያታልላል? ንግሥቲ «ዋይ አነ!» ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ጢም ብሏል። ሁለታችንም መደባችንን ሸራ አልብሰን ከብሩክታይት ጋር ታክሲ ተሳፈርን።

ጋሽ ገረመው ሳሎን ሶፋ ላይ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። በሩን ስናልፍ ሽታው ተቀበለን። እሳቸው እቴ፣ ደህና ሰው መስለው «ሰብሊ፣ ዛሬም ከጎጃም ነው?» ይሉኛል። እንባዬ መጣ።

ንግሥቲ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማዕከሉን ባለወርቃማ ክዳን ጠርሙስ ከፈተች። ዱቄቱን መዳፏ ላይ ዘርግፋ አሸተተች፣ ቀመሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የኔ ሽፈራው ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ያንቺ ባይሆን መች አምናቸው ነበር? ክኒኑን ጣሉ ሲሉኝ አንቺን አሰብኩ። ንግሥቲስ በቅጠል አይደል የዳነችው ብዬ ጣልኩት።»

 ንግሥቲ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የክኒን ፓኬት አወጣችና ጭናቸው ላይ ወረወረችው። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

«ይኸው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት፣ ቀንና ማታ እሱን ነው የምውጠው! በእግሬም እሄዳለሁ፣ ጎመኔንም እበላለሁ፣ ሽፈራውንም እጠጣለሁ፣ ክኒኔን ግን አንድ ቀን አልዘለልኩም!»

ክው አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ምሳ ስንበላ ለኔ እንኳን አልነገረችኝም።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ ጋሽ ገረመው። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆነ።

«ክኒን ከምትውጥ ሴት ማን ቅጠል ይገዛል? የራሷን ትታ የሐኪም ትውጣለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ሲያደንቁኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። እነሱ ዋሹዎት፣ እኔም ዝም አልኩዎት። አሁን ይነሱልኝ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ?»

 ጋሽ ገረመው እጃቸውን ለብሩክታይት ዘረጉ፣ ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገብተን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

ነፍሳቸው ተረፈች፣ ተመስገን። እግራቸው ግን ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ «ከሦስት ሳምንት በፊት ብታመጧቸው ኖሮ የሚቆረጠው አንድ ጣት ብቻ ነበር» አለን። ንግሥቲ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንትን እረግማለሁ።

በማግስቱ እሳት ለብሰን እሳት ጎርሰን ቦሌ ሄድን። ቤቱ ውስጥ ሙዚቃው ለስለስ ያለ፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ኃላፊው ፈገግ እያለ ሰማንና፣ «እኛ ምክር ነው የምንሰጠው፣ ውሳኔው የደንበኛው ነው» አለ። ዓይን አውጣ! ሰው እግሩን አጥቶ «ውሳኔው የደንበኛው ነው»! ንግሥቲ «አምነዋችሁ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። እሱ ወደ አስተናጋጇ ልጅ ዞሮ «ለእናቶች ጁስ አምጪላቸው» አለ። ጁስ! ለባለ ስኳር! ለጤና ጽሕፈት ቤት አመልክተናል፤ እናያለን አሉን፣ እስካሁንም እያዩ ነው።

ሰኞ ሹፌሩ እንደልማዱ መጣ። ንግሥቲ «ላንተ ቅጠል የለኝም» አለችው። ትከሻውን ሰበቀና ሦስት መደብ ዝቅ ብሎ ከሌላ ሻጭ ጆንያውን ሞላ። እዚያው ዓይናችን እያየ።

ንግሥቲ አሁን ምሳ ላይ ከጆንያው ጀርባ አትዞርም። ገበያተኛው መሃል ቆማ፣ ክኒኗን ከፍ አድርጋ አሳይታ ትውጣለች። ትናንት አንዲት ሴት ሽፈራው አስመዝና ይሄን ስታይ፣ «እንዴ፣ ታዲያ ቅጠልሽ ምን ሊሠራ ነው?» ብላ ፌስታሉን መልሳ ጥላላት ሄደች። እኔ ተነስቼ ልሰድባት ስል ንግሥቲ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያት ሰብሊ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ትሂድ። መሄጃ እግር አላት።»