በግፊ የሚነሳ ሞተር

ቡሬ ሳስተምር ከጨረታ የገዛሁትን አሮጌ ሞተር ሳይክል በተከራየሁት ቤት ጓሮ እፈታና እገጥም ነበር። መጀመሪያ ላይ በግፊ ካልሆነ አይነሳም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ፣ ጋሪ የሚነዱት ሽማግሌ፣ መጥተው ይገፉልኛል። «መምህር፣ የኔ ፈረስ እንኳ ይህን ያህል አይለመንም» ሲሉኝ እበግን ነበር። እልህ ይዞኝ ክረምቱን ሙሉ ካርቡሬተሩን ሳጥብ፣ ያረጀውን ሽቦ ስቀይር ከረምኩ። መስከረም ላይ አንዴ ብረግጠው ተነሳ። ሽማግሌው ከደጃቸው ሆነው እጃቸውን አነሱልኝና ጋሪያቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤቴ እስክገባ ድረስ ሰላም የሚለኝም አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ደህናውን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሞተሩን እበራቸው ድረስ እየገፋሁ ወሰድኩና፣ «አባቴ፣ ደግሞ እምቢ አለኝ» አልኳቸው።