ሶኬት ነቃይዋ ጌጤ

ጌጤ ፈሪ ናት። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለም፤ እሷም አትክድም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ አሥር ዓመት ያህል ስትኖር አንድም ቀን በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ቁልቁል አላየችም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋ ትቀመጣለች። ስልክ ሳይታሰብ ከጮኸ «ማን ሞተ?» ብላ ነው የምታነሳው። ከሁሉም የሚብስባት ግን ኤሌክትሪክ ነው። ቸርችም ትሂድ ሱቅ፣ ከቤት ስትወጣ እየዞረች ሶኬት ትነቅላለች፤ የቴሌቪዥኑን፣ የውኃ ማፍያውን፣ የቻርጀሩን። ባሏ ዘካርያስ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ እያንቃጨለ ይጠብቃታል።

«ሶኬት ነቃይዋ፣ ጨረስሽ? ፍርሃት ሥራ ቢሆን ኖሮ አንቺ ይሄኔ ሥራ አስኪያጅ ነበርሽ» ይላታል። ልጃቸው ማዕዶትም ለአባቷ አግዛ ትስቃለች።

ዘካርያስ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ቢያንስ ወሬው እንደዚያ ነው። ወደ ኬንያ ከመምጣታቸው በፊት ጎፋ ሠፈር ዲሽ ይተክል ነበር። አሁን ሁርሊንግሃም ሠፈር ባለ ምግብ ቤት ዕቃ ገዢ ቢሆንም ጣሪያ ባየ ቁጥር እጁን ያሳክከዋል። ዘንድሮ ታዲያ የአገር ቤቱን ዜናም፣ የመዝሙሩን ጣቢያም፣ የዓረቦቹን ኳስም ካላየሁ አለ። አከራዩ ደግሞ ለአንድ ቤት ከአንድ ዲሽ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ሞተር ያለው ዲሽ ገዛ፤ ሞተሩ ከሪሲቨሩ መብራት እየሳበ ያንኑ አንድ ዲሽ ከሳተላይት ወደ ሳተላይት ያዞረዋል።

«ዳዲ፣ ሁሉም ኦንላይን አለ እኮ» አለችው ማዕዶት።

«ኔትወርክ ሲጠፋ እኔው ጋ ትመጫለሽ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ማዕዶት ዌስትላንድስ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ሄደች። ዘካርያስ ዲሹን ተክሎ የቀረው ማስተካከሉ ብቻ ነበርና ጣሪያው ላይ ወጣ። ጌጤ ሳሎን ቀረች፤ በአንድ እጇ ሪሞት፣ በሌላው ስልክ። ሥራዋ እሱ ሲላት ሪሞቱን መጫንና ሲግናሉ ስንት እንደደረሰ መናገር ነው። ልቧ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር አልነበረም። የጣሪያው ጠርዝ ግንብ ሦስቱን ጎን ይከልላል፤ በምዕራብ በኩል ያለው ግን የውኃ ታንከር ሲያወጡ ፈርሶ እንደፈረሰ ቀርቷል። ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች ነግረዋታል። ለዚህ ብላ ገመድ ሰጥታዋለች፣ ወገቡን ከታንከሩ ጋር እንዲያስር።

«ገመዱን አስረሃል?»

«አስሬያለሁ።»

«እስቲ ጌታን በል?»

«ኧረ አስሬያለሁ አልኩሽ! በይ አሁን የምሥራቁን ሳተላይት ምረጪና ተጫኚው። እኔ በምዕራብ በኩል ነኝ፤ ዲሹ ከእኔ እየራቀ ነው የሚዞረው።»

ተጫነችው። ከላይ የሞተሩ ጉርምርምታ በስልኩ ውስጥ ተሰማት። ትንሽ ቆይቶ የዘካርያስ ድምፅ ተለወጠ።

«ምን ሆነ ይሄ… ወደ እኔ ነው እኮ የሚመጣው! ጌጤ፣ አቁሚው!»

ጌጤ ያገኘችውን ቁልፍ ተጫነች፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨመረ። ሌላውን ተጫነች፤ ምንም የለም። «ጌጤ! መቆሚያ የለኝም!» አለ፤ ከዚያ አንድ ነገር ሲንኳኳ፣ ስልኩ ሲወድቅ ተሰማ። ጌጤ ከዚህ በኋላ አላሰበችም። እጇ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሠራ። የሪሲቨሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። በስልኩ ውስጥ ንፋስ ብቻ ነበር።

ወጣች። ሪሞቱን ገና እንደያዘች ደረጃውን ተያያዘችው። በእጄ ገደልኩት፣ የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ እያለች ትወጣለች። በደረጃው መስኮት በኩል ከታች የዘበኛው ጩኸት መጣ፤ «ማማ! ሂኪ ኪያቱ ኒ ቻ ናኒ?» በስዋሂሊ የማን ጫማ ነው እያለ ነው። ከላይ ጫማ ወድቋል ማለት ነው። ወደ መስኮቱ ቀርባ ለማየት አቅም አጣች። «ጌታ ሆይ፣ ጫማው ብቻ ይሁን» አለች። «ጫማው ብቻ።»

በሩን ገፍታ ጣሪያው ላይ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። በሩ ሥር እንደተጠቀለለ ተቀምጧል። አልፋው ሄደች።

ዘካርያስ በሆዱ ተኝቶ የዲሹን ምሰሶ እግር በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። ዲሹ ከጀርባው አንድ ጋት እንኳ ሳይርቅ ቆሟል። ጫማ የሌለው እግሩ ከጠርዙ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እንዳትነኪው» አላት ዓይኑን ጨፍኖ። «ይነሳል።»

«ነቅዬዋለሁ። አይዞህ፣ ነቅዬዋለሁ።»

«መነሳት አልቻልኩም። እግሬ እንቢ አለኝ። ፈራሁ ጌጤ።»

ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ሪሞቱን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና በጉልበቷ ዳኸች። ከጠርዙ ማዶ የመኪናዎቹ ጣሪያ እየታያት ቀበቶውን ይዛ ጎተተችው። እስከ በሩ ድረስ አንዳቸውም አልቆሙም፤ ሁለቱም እየዳኹ ነው የደረሱት። በሩ ሥር ያለውን ገመድ አንስታ ይዛው ወረደች።

ስህተቱን ከሰዓት በኋላ ራሱ ደረሰበት። አዲስ አበባ የሞተሩ ፊት ወደ ደቡብ ነው የሚተከለው። ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ፊቱ ወደ ሰሜን መሆን ነበረበት። ሪሲቨሩ ላይ ናይሮቢ ብሎ ሞልቷል፤ እጁ ግን እንደ ጎፋው ደቡብ ተክሎታል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ሂድ ሲባል ወደ ምዕራብ ሄደ።

በማግስቱ ለቸርች ሲወጡ ጌጤ እንደ ልማዷ ነቃቅላ ጨረሰችና በሩ ላይ ቆመች። ዘካርያስ ቁልፉን ይዞ መጣ፣ ሊቆልፍ ሲል ተወውና «ቆይ» ብሎ ተመለሰ። የነቀለችውን ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ እየዳሰሰ አረጋገጠ። ከዚያ ወጥ ቤት ገባና የፍሪጁን ሶኬት ነቀለ። እሷ እንኳ ፍሪጅ ነቅላ አታውቅም።

ማዕዶት ልትስቅ አፏን ስትከፍት ጌጤ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ወተቱ እንደሚበላሽ ታውቃለች፤ ግን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።