ለደረትና ለድር የምትሆን መኪና

ባለቤቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ትታመም ነበር። ጉለሌን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ሽሮ ሜዳ ላይ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ደጅ ላይ ይተኛል፤ የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። እሷ ያኔ ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። አንደኛው ክረምት ሊወስዳት ምንም አልቀረውም ነበር። በጋው ሲገባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲያበቃ፣ «የሚመጣውን ክረምት እዚህ ባታሳልፈው ይሻላል። ቆላ ይውሰዷት» አለኝ።

ለሐኪም መናገር ቀላል ነው። የእኛ የትውልድ አገር ደቡብ ቢሆንም ደጋ ነው፤ ብርዱ ከእንጦጦ ይብሳል። ቆላ ዘመድ የለንም። ትርፍ ቤት በመንግሥት ከተወረሰ ወዲህ ቤት ማከራየት ክልክል ነው፤ በድብቅ የሚያከራይ ቢገኝ እንኳ እኔ በድብቅ መኖር አልወድም። ደግሞም ሸማኔ ነኝ። ሸማኔ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው። በሰው ቤት ወለል ላይ ልቆፍር ብል ማን ይፈቅድልኛል? ክረምቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አባወራ ደግሞ አስታማሚ ሳይሆን ሁለተኛ በሽተኛ ነው።

መኪና ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ጋቢ ሊገዙ ሽሮ ሜዳ የመጡ ፈረንጆች መኪናቸው ውስጥ አልጋና ምድጃ አስገብተው አገር ለአገር ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱማ በሩን ከፍቶ አሳይቶኛል። ማንበብንም ሆነ እንጨት መላግን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አይቼና ሞክሬ ነው የለመድኩት። እነሱ የሠሩትን እኔ የማልሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

አማቼ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሐሳቤን ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ግን ኮስተር አለ።

«ጋሼ፣ መኪና እንደ ጋቢ ጫፉን ዳብሰው አይገዙትም። እኔ ሳላይ እንዳይዋዋሉ።»

አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ጋራዥ ሁለት ቫኖች ለሽያጭ ቆመው ነበር። አንዷ አጭር ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አገር ለቆ የሄደ ፈረንጅ የተዋት፣ ቀለሟ ያልጠፋ። ሌላዋ ዳቦ ስታመላልስ የኖረች ረጅምና ከፍ ያለች ናት፤ ሞተሯ ከፊት፣ ቀለሟ የተላላጠ። አማቼ የሁለቱንም ሞተር አስነስቶ ሰማና ወደ አጭሯ ጠቆመ። «ይቺ አታሳፍርም» አለ። እኔ ረጅሟ ውስጥ ገብቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጣሪያው አልነካኝም። ወለሉን በክንዴ ለካሁት፤ ድሩ ልክ እስከ በሩ ድረስ ይዘረጋል። ልቤ እዚያ ቀረ።

በእኛ ዘንድ ሸማኔ ቤት ሲቀይር ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ ብቻውን አይመርጥም። የሥራ ባልደረቦቹ መጥተው ብርሃኑን፣ እርጥበቱን፣ የድሩን መዘርጊያ አይተው ይፈርዳሉ። እኔም እንደ ደንቡ የሰፈሩን ሸማኔዎች እሑድ ከሰዓት ጋራዡ ድረስ ወሰድኳቸው። ባለቤቴም አብራ መጣች፤ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ሸማኔዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ረጅሟ ውስጥ ገቡና ወለሉ ላይ ተደረደሩ። ጎማውን ያየ፣ ስለ ሞተሩ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

«ጎማ ያለው ቤት!» አለ አንዱ። «ቀበሌው ስንት ቁጥር ይሰጠው ይሆን?»

«ቁጥር ሊሰጡት ሲመጡ ነድቶት ይሄዳላ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ ማን እንደሰማ ለማየት ዞር ዞር አሉ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ግን ለሥራ እንደመጡ አልረሱም። «ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ ደህና ነው። ጉድጓዱስ?» አሉ።

«ወለሉን በስቼ እግሬን አወርዳለሁ» አልኩና ቦታውን በጣቴ አሳየሁ።

የጋራዡ ባለቤት ከመኪናዋ ሥር ብቅ አለ። «አባቴ፣ እዚያ ጋ ከበሱት እግርዎን ብረት ነው የሚቀበልዎት። ሞተሩ ከፊት ነው፤ የሚገፋው የኋላውን ጎማ ነው። የሚያገናኛቸው ዘንግ በመሐል ነው የሚያልፈው።»

«በአጭሯስ?» አልኩት።

«እሷማ ሞተሯም ጎማዋም እዚያው ኋላ ነው። መሐሏን ብትበሷት ያን ያህል አትቀየምም።»

ፍርዱ ወዲያው ተገለበጠ። ሸማኔዎቹ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ አጭሯ ተሻገሩ። ድሩ ቢረዝም በጎን በር አውጥቶ ውጭ ካስማ ላይ ማሰር ይቻላል ተባለ። አማቼ ደስ አለው። «ድሮስ ምን አልኩ?» አለ። እኔም ልስማማ ስል አልጋው ትዝ አለኝና ባለቤቴን ጠራሁ፤ «ነይ፣ አልጋሽን እዪው።»

የፈረንጁ አልጋ ከኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ነበር። ወጣችና ጋደም አለች። ወንድሟ ሞተሩ እንዴት ጸጥ ያለ እንደሆነ ሊያሰማት ቁልፉን አዞረ። የቤንዚኑ ሽታ ከሥር ተነሣ። እሷም መሳል ጀመረች። ሳሉ እንደ ልማዱ መመለሻ አጣ፤ ቀና አድርጌ ጀርባዋን ደገፍኩ። አማቼ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ አጭሯ የተናገረ ሰው የለም።

ትንፋሿ ሲመለስ ወደ ረጅሟ አሻገርናት። ከመኪናዋ ኋላ ሁለት ጆንያ አንጥፈን አጋደምናት፤ ሞተሩም ተነሣ። ሁላችንም ሳሏ ይነሣል ብለን ጠበቅን፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ተነፈሰች። «ዳቦ ዳቦ ይላል» አለች።

«በቃ፣ ይቺ ናት። የሽመና ዕቃዬን ትቼ እሄዳለሁ» አልኩ። ለእሷ ስል ያልኩት እውነት ነው፤ ስለው ግን ደስ ብሎኝ አልነበረም፤ ሁሉም ፊቴ ላይ አይተውታል።

ሽማግሌው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። «ወደ ታች ባይቆፈር ወደ ላይ ይቆፈራላ» አሉ። «ከእንጨት ከፍ ያለ ሣጥን ሥራና ጠርዙ ላይ ተቀመጥ፤ እግርህ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው እንደሆነ አይነካህም።»

አዲስ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሣጥኑ ከፊት ከሆነ ድሩ የሚዘረጋው በአልጋው ላይ ነው። እኔ ስሸምን እሷ የት ትተኛለች? አንዱ አልጋውን በማጠፊያ ግድግዳ ላይ እናንጠልጥለው አለ። ሌላው ድሩ ከላይ ይለፍ፣ እሷ ከሥሩ ትተኛ አለ።

«እንደ ድመት?» አለች ባለቤቴ። ተነሥታ ተቀምጣ ነበር። «ቆይ፣ ማነው ቀን ቀን ትተኛለች ያላችሁ?»

«ታማሚ አይደለሽ?» አልኳት።

«ቆላ የምትወስደኝ ፀሐይ ልሞቅ መስሎኝ! ለመተኛትማ ሽሮ ሜዳ ምን አነሰኝ? አንተ ቀን ሸምን፣ እኔ ደጅ ጥጤን እፈትላለሁ። አልጋ የሚያስፈልገኝ ማታ ነው።»

አማቼ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሚወዱትን በሽተኛ ሲያስታምሙ ቀስ በቀስ ለበሽታው ቤት መሥራት ይመጣል፤ ሰውዬው ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ይረሳል። እኔ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሷን ግን ከሐኪም ቤት ከተመለስን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።

ረጅሟን ገዛን። አማቼ ፍሬኗን ሳያስተካክል አላስነዳም አለ፤ ትክክል ነበር። ሣጥኑንና አልጋውን እኔ ራሴ ሠራሁ። ሣጥኑን መጀመሪያ በጣም ከፍ አድርጌው ጣሪያው ጭንቅላቴን ስለመታኝ ቆርጬ ዝቅ አደረግኩት። የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ከሣጥኑ የበለጠ ጊዜ ፈጀ፤ ቤንዚን በኩፖን ስለነበር አማቼ ከራሱ እየቆጠበ አጠራቀመልን። ሰኔ ሲያጋምስ ወደ ዝዋይ ወረድን። አማቼ ከሐይቁ ዳር ጥላ ፈልጎ አቆመንና በአውቶቡስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሳሉ ወዲያው ጠፋ ብል ዋሸሁ። መጀመሪያ ላይ እዚያም ትራስ ደርድረን ቁጭ ብላ አደረች። ሐምሌ በገባ ሰሞን ግን አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ማልጄ ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ድሬን ልዘረጋ ስል አልጋው ላይ በጎኗ ተጋድማ ተኝታለች። አፏ ገጠም ብሏል፤ ደረቷ ሲር ሲር አይልም። ድሩ የሚያልፈው በላይዋ ነው፤ ካልቀሰቀስኳት መሥራት አልችልም። ፀሐይ ወጥቶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ወንድ ሳይ ሁልጊዜ እቆጣለሁ። ያን ቀን ድሩን ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ፣ ከሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እስክትነቃ ጠበቅኩ። የነቃችው ረፋዱ ላይ ነው።