«መሪው ያዘኝ» ብሎኝ ነበር

የእኔ መኪና መሪ ሩብ ያህል ሲዞር ጎማዎቹ ገና ወሬውን አልሰሙም። ወደ ግራ እጠመዝዛለሁ፤ እነሱ ትንሽ አስበው፣ ተማክረው፣ ከዚያ ይታጠፋሉ። ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ እንዲህ እየተደራደርን ነበር የምንሄደው። መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ የምታንስ አሮጌ ፒክአፕ ናት። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይላላል፣ መኪና ደግሞ መሪዋ፤ እርጅና ነው ብዬ ተውኳት።

ካቻምና ግንቦት ላይ ታናሽ ወንድሜ ይችኑ መኪና ስማዳ መንገድ ላይ ገለበጣት። ድንች ጭኖ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ ድንቹ ግን ቁልቁል ተንከባሎ የዚያ አገር ሰው ሳምንት ሙሉ ወጥ ሠራበት። ወንድሜ ግንባሩን ተፈንክቶ መጣና አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «መሪው ያዘኝ፤ ከዚያ ለቀቀኝ።» ያዘኝ፣ ለቀቀኝ! ጋኔን ነው እንዴ? ጠጥተሃል አልኩት። አልጠጣሁም አለ። ተኝተሃል አልኩት። አልተኛሁም አለ። እኔ ስናደድ ደግሞ ጆሮዬ አይሰማም፤ በቃ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ።

በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ወንድሜም ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ድንጋዩን የመረጡት የንስሐ አባታችን ናቸው፤ እኔ በልቤ «ትንሽ አነሰች» ብዬ ነበር። ወጉ ተበዳይ ቶሎ ብሎ እንዲያነሣለት ነው። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፣ ጋቢዬን አስተካከልሁ፣ ስለ ንብረት አያያዝ አጭር ንግግር አደረግሁ። ከዚያ አነሣሁለትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። ያላደነቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድሜ መሪ አልጨበጠም። ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። በመንገድ ሲያልፍ ሥራ ፈቱ ሁሉ «ገልባጩ መጣ!» ይለዋል፤ እሱ ዱቄት የለበሰ ፊቱን ዞር አድርጎ ያልፋል። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከሰላምታ በላይ ግን ነገር የለንም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። መካነ ኢየሱስ የሚኖር የሚኒባስ ባለቤት ነው፤ ሹፌር ይፈልጋል። ወንድሜ መንጃ ፈቃዱን ይዞ እዚያ ድረስ ሄዶ ጠይቆታል፤ ለእኔ ትንፍሽ ሳይል! ሰውየው «ልጁን ወድጄዋለሁ» አለኝ፤ «ነገር ግን መኪና ገልብጧል ይባላል። የገለበጠው ያንተን ነውና ያንተን ቃል ልስማ። ቅዳሜ ለገበያ ንፋስ መውጫ እመጣለሁ። ይንዳ ካልከኝ ቁልፉን እሰጠዋለሁ፤ አይሆንም ካልከኝ ሌላ እፈልጋለሁ።»

አይሆንም ልለው ወሰንሁ። የሰው ነፍስ ነው የሚጭነው፣ ድንች አይደለም፤ እንዲህ እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። ጠላ ቤት ገብቼም ስለ ሕሊና አወራሁ።

ሐሙስ ጠዋት የንስሐ አባታችን ወገዳ ለሚበላ ተዝካር አድርሰኝ ብለው መጡ። ከከተማው ሳንወጣ አንድ አህያ ፊት ለፊት ብቅ አለች። መሪውን ጠመዘዝሁ፤ ጎማዎቹ ተማከሩ፤ አህያዋ ራሷ ሸሽታ አተረፈችን፣ እኛም ቦዩ አፋፍ ላይ ቆምን።

«ወርጃለሁ» አሉ አባ፣ መስቀላቸውን እንደ ጨበጡ። «የሰው ተዝካር ልበላ ወጣሁ እንጂ የራሴን ላበላ አልወጣሁም። ይቺን ነገር እዚሁ ፈትሽ።»

መካኒክ ልጥራ ብል እንደገና ማፈር ነው። ያን ጊዜ የተጨረማመተውን በር ሲያቃናልኝ «መሪውን ልየው?» ብሎኝ «አትንካው፤ የተበላሸው ሹፌሩ ነው» ብዬዋለሁ። ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ ራሴ ገባሁበት።

መጀመሪያ የጎማዎቹን ነፋስ አየሁ፤ ደህና ነው። የፊት ጎማዎቹን ተራ በተራ በክሪክ አንሥቼ ወዘወዝኳቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። የመሪውን ሳጥን ከመኪናዋ አጽም ከሻንሲው ጋር ያሰሩትን ቡሎኖች በቁልፍ ሞከርኳቸው፤ ጥብቅ ናቸው። የቀረው ከሳጥኑ እስከ ጎማው ያሉት ዘንጎች ናቸው። ዘንግ ከዘንግ የሚጋጠመው በብረት ኳስ ነው፤ ኳሱ በልኩ የተሠራ ጎድጓዳ ቤት አለው፤ ቤቱ ሲሰፋበት መሪ ይላላል። ይኼን ዓይን አያየውም፤ እጅ ነው የሚያውቀው። አንድ ሰው ከላይ መሪውን ይወዘውዛል፤ ሌላው ከስር ተኝቶ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ይይዛል። አንዱ ዘንግ ሲሄድ ተከታዩ ቆሞ ከቀረ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

«አባ፣ እዚህ ይቀመጡና መሪውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ትንሽ ትንሽ ይወዝውዙልኝ። ሞተሩን አላስነሣም።»

እሳቸው ለካ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት ኖረዋል! ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ ክላክሱንም ሁለት ጊዜ አስጮሁት። «ወዴት ልውሰድህ? ደብረ ታቦር?» ይሉኛል። እኔ ጀርባዬን ጠጠር እየወጋኝ ከስር ተጋድሜ «ዝም ብለው ይወዝውዙ አባ!» እያልሁ እጮሃለሁ።

የመጀመሪያው መጋጠሚያ ደህና ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስይዘው በመዳፌ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። «እሰይ! ተገኘች!» አልሁ። የመቆለፊያ ሽቦውን መዘዝሁ፣ ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታሁ። መጀመሪያ ጥቁር ግራሶ ወጣ፣ ቀጥሎ ኳሱን የሚገፋው ሞላ፣ ከሞላው ኋላ ደግሞ የተጣጠፈች ቆርቆሮ። ለሁለት ተሰብራለች። በጣቴ ጠረግኋት። ቢጫ ቀለም፣ በቀለሙም ላይ የዓሣ ጭራ።

አወቅኋት።

ካቻምና በሁዳዴ፣ ብቻዬን ከወገዳ ስመለስ፣ መሪው ቀጭ ቀጭ ይል ጀመረ። ራበኝም። ያየኝ ቁራ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰርዲን ከፍቼ በላሁ። ይኼን ያህል ኃጢአት ከሠራሁ አይቀር ልጠቀምበት አልሁና ክዳኑን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ከኳሱ ስር ወተፍሁት። ቀጭታው ጠፋ። ለጊዜው ነው፣ ከተማ እስክደርስ ነው አልሁ። ከተማ ደረስሁ፣ ረሳሁት። በሁለተኛው ወር መኪናዋን ለወንድሜ ሰጠሁት። ቆርቆሮዋ ስትሰበር በኳሱና በቤቱ መካከል ትሰነቀራለች፤ መሪው ይይዛል። ተጨፍልቃ ስትሸሽ ደግሞ ይለቃል። ያዘኝ፣ ለቀቀኝ።

«ምን አገኘህ?» አሉ አባ ከላይ።

እውነቱን ልናገር፤ ቆርቆሮዋን ኪሴ ከተትኋት። «ዝገት» አልሁ።

ለንስሐ አባት ከመኪና ስር ተኝቶ መዋሸት! እሳቸው መወዝወዛቸውን አቆሙ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብለው «ያን ምስኪን ልጅ ድንጋይ ያሸከምነው በዚህ መሪ ነው እንዴ?» አሉ።

ከስሯ ወጣሁ። ቆርቆሮዋን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ገለበጧት፣ ዓይናቸው ድረስ አቀረቧት።

«ይኼ ዓሣ ነው?»

«ሰርዲን ነው፣ አባ።»

«መቼ የተበላ?»

አቤት አምላኬ። «በሁዳዴ።»

ቆርቆሮዋን መልሰው መዳፌ ላይ ጣሏት። ከዚያ «የዓሣውን በስግደት እንጨርሰዋለን» አሉ። «የልጁን ግን በስግደት አትጨርሰውም። ያችን ድንጋይ የመረጥሁለት እኔ ነኝ፤ እኔም አለሁበት።»

ለሚኒባሱ ባለቤት መልካም ቃሌን እሰጣለሁ፣ ለወንድሜም አንድ ጃኬት ገዝቼ ቤቱ ሄጄ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኳቸው።

«እሱ በአደባባይ፣ አንተ በጓዳ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ተዝካሩም እንደ ቀረባቸው ቀረ፤ እስከ ዛሬ ያነሡብኛል።

አዲሱ መጋጠሚያ ከነዘንጉ ዓርብ በአውቶቡስ ከደብረ ታቦር መጣልኝ። ገጠምሁት፣ ዳዶውን አጠበቅሁ፣ አዲስ መቆለፊያ ሽቦ አስገባሁለት። መሪውን ገና በጣቴ ስነካው ጎማው ታጠፈ። ይኼ ሁሉ ጣጣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።

ቅዳሜ አሮጌውን ዘንግ ከነመጋጠሚያው በአንገቴ ተሸክሜ በገበያው መካከል ወጣሁ። አባ ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ እንዳልሸሽ መሰለኝ። ያየ ሁሉ ይስቃል። አንዱ ቁራሌው «ጋሼ፣ በኪሎ ነው ወይስ በጅምላ?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እናቱን ሁሉ አነሣበት ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ መኪናዋን ጠዋት ካቆምሁበት ዘንድ፣ ደረስን። የሚኒባሱ ባለቤት በስልክ ነግሬው እዚያው ቆሟል። ወፍጮው ቆመ፣ ወንድሜ ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «መኪናዋን የገለበጥኋት እኔ ነኝ» አልሁ፤ ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ደግሜ ጮኼ አልሁት። ቆርቆሮዋን፣ ሰርዲኑን፣ ሁዳዴውን፣ ሁሉንም በሰው ፊት ዘረገፍሁት።

ወንድሜ ቶሎ አላነሣልኝም። ጉሮሮውን አልጠረገም፣ ንግግርም አላደረገም። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ወደ ኳሱ ቤት ሰደደና ስፋቱን ለካው።

«መሪው ያዘኝ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«ዓመት ከመንፈቅ! አንድ ቀን እንኳ ከስሯ ገብተህ አላየህልኝም።»

«አላየሁልህም።»

ብረቱን አነሣልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። አለቀስሁ፤ ዱቄት ዓይኔ ገብቶ ነው ብዬ አመካኘሁ፣ ማንም አላመነኝም። አባ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

የሚኒባሱ ባለቤት ሲሰማ ቆይቶ «እስቲ በዚችው በገለበጥካት ንዳና ልይህ» አለው። ቁልፉን ሰጠሁት። ወንድሜ በሩን ከፈተ፣ አንድ እግሩን አስገባ፣ መሪውን አየው። ከዚያ እግሩን መልሶ አወጣና ዱቄት እንደ ለበሰ በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ስር ገባ።

«መሪውን ወዝውዝልኝ» አለኝ ከስር።

አዲስ ነው፣ ትናንት በእጄ ነው የገጠምሁት ልለው አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት። ገብቼ ተቀመጥሁና ወዘወዝሁለት።

«ገና» አለ።

ወዘወዝሁ።

«ገና።»