ንስሐ የመሰላት ግለ ሂስ

በሃያ ሦስት ዓመቴ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢም ጸሐፊም ነበርኩ። ለኪነት ቡድኑ አጫጭር ቲያትር የምጽፈው እኔ፣ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ የምናገረውም እኔ። ይህን ሁሉ ሥራ የተሸከምኩት ሌላ ሴት ጠፍታ አይደለም፤ እኔው አምጡ ብዬ ነው። ዛሬ ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ ሁሉም ሰው ተገዶ የገባ ይመስላል። እኔ ሮጬ ነው የገባሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌ የሚልክ ይመጣል እየተባለ ሳሎኑ በየእሑዱ ይጠረጋል። አንድ ቀን የቀበሌው ግድግዳ ላይ «ሴቶች ተደራጁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁና በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። እናቴ ለሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው ከቀበሌው ግቢ በር ላይ፣ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ ነበር። ፊቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የቦሎቄ መጋዘን ነው። መጋዘኑ ደጅ ላይ ሴቶቹ በረድፍ መሬት ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅማሉ፤ ጥሩውን ወዲህ፣ የነቀዘውን ወዲያ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታቸው ላይ ሲደፋው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሴቶች ዝግጅት አቀርብላቸዋለሁ። ስለ ድርብ ጭቆና እነግራቸዋለሁ፤ ሴት በመደቧም በጾታዋም ትጨቆናለች እያልኩ። የምናገረውን አምንበት ነበር፤ አሁንም አምንበታለሁ። ድምፄንም እወደው ነበር፤ እሱን ነው ዛሬ ለመናገር የሚከብደኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ ነበር። አዲስ አበባ ሬዲዮ ላይ ተናጋሪ ይፈለጋል መባሉን ሰምቼ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ሄጄ ተፈተንኩ። አለፍኩ። ለመቀጠር የቀረኝ ከቀበሌዬ የድጋፍ ደብዳቤና መሸኛ ማምጣት ብቻ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤውን ስጠይቀው «እናየዋለን» አለኝ። አራት ወር ሙሉ እናየዋለን አለኝ። ያለ እሱ ፊርማ እንኳን ሥራ መያዝ፣ ከሞጆ ኬላም ማለፍ አይቻልም።

በኪነት ቡድናችን ውስጥ ከሁሉ የበለጠች አንዲት ቦሎቄ ለቃሚ ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። በእድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ቲያትራችን ላይ ሁልጊዜ የምትጫወተው ባልየውን ነው። ፊቷን ከሰል ቀብታ ጺም ትሠራለች፣ የወንድ ኮት ትደርባለች፣ ከዚያ እንደገባች አዳራሹ ጸጥ ይላል። ዱላ ሳታነሳ፣ ቀበቶዋን ጎተት ስታደርግ ብቻ ሴቶቹ ይሸማቀቃሉ። እኔ በጻፍኳቸው ቲያትሮች ሁሉ ሚስቱን የሚመታው ባል ባላባት ነው። በመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይነቃል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት የቀበሌው ወንዶች ከማንም በላይ ያጨበጭቡ ነበር። ምን አለባቸው፤ ባላባት አይደሉ።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምኑን ተማርኩት፣ ሳየው ነው የምውለው» ብላ የከሰሉን ጺም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ባሏ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አባል ነው፤ ጠመንጃ ይዞ የሚዞር። ሳቅኩላት። ቀልድ መስሎኝ አይደለም፤ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለን። የመጨረሻው አጀንዳ ሁልጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ነው። ሂስ ሌላውን መተቸት፣ ግለ ሂስ የራስን ጥፋት ቆሞ መናገር ነው። ለሴቶቹ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። «ግለ ሂስ ማለት ልብን ማጽዳት ነው» አልኳቸው፤ «ያጠፋነውን ሳንደብቅ ተናግረን ቀሎን እንሄዳለን።» በሥልጠና ላይ የተነገረኝ እንደዚያ ነው። እነሱ ግን ይህን ነገር ከዚያ በፊት የሚያውቁት በሌላ ስም ነበር። ግለ ሂስ ሲባል ይነሳሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ። አንዷ «ረቡዕ ቀን ወተት ቀምሻለሁ» ትላለች። ሌላዋ «ጎረቤቴን በሆዴ ረግሜያታለሁ» ትላለች። የቀሩት ደግሞ ሳያስቡት «እግዜር ይፍታሽ» ይሏታል። እኛ ተማርን የምንል ወጣቶቹ እርስ በርስ እየተያየን ከንፈራችንን ነክሰን እንስቃለን። አንድም ቀን ይህ ንስሐ አይደለም፣ እኔም ቄስ አይደለሁም ብዬ አላስረዳኋቸውም። ያስቀኝ ነበራ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ተነሳች። ግራ እጇን በነጠላ ሸፍናዋለች።

«የእኔ ኃጢአት ከባድ ነው» አለች። «ባሌ ሲመታኝ እንዲሞት ተስያለሁ። ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ። አንዴ ብቻ ቢሆን ደህና፤ ሁለት ጊዜ ነው። ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ ይማረኝ።» ከዚያ ተቀመጠች።

ሴቶቹ እግዜር ይፍታሽ አሏት። ፊቷ እውነትም ቀሎት ነበር፤ አጠገቧ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ወዲያው ስለ ጨው መወደድ ማውራት ጀመረች። እኔ ግን እጽፍ ነበር። አንድ ቃል ሳላስቀር፣ ጃንጥላውንም ጭምር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት። ለምን ብባል መልስ አለኝ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ነበር። የበላይ ያንብበውና ሴቶች ምን ላይ እንዳሉ ይወቅ አልኩ። ይህ መልሴ ውሸት አይደለም። ሌላም አለ፤ ቃለ ጉባኤዬ ይመሰገን ነበር፣ ጸሐፊ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ታምር ነበር። ሰኞ ጠዋት ግልባጩን ራሴ ወስጄ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ አስጠራኝ። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። «ተቀመጪ እህቴ» አለኝ። ወረቀቱ ፊቱ ነበር።

«የአብዮት ጥበቃ አባል እንዲሞት ስለት መሳል ምን ይባላል?»

«ባሏ እኮ ነው» አልኩት።

«ባሏ ከመሆኑ በፊት የአብዮት ጥበቃ ነው።»

እትዬን ከሌሊት ልብሷ ላይ ጋቢ እንደደረበች ጠዋት በማለዳ አምጥተው የቀበሌው ዕቃ ቤት እንዳስገቧት የሰማሁት ያኔ ነው። ሊቀመንበሩ ሁለት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው ቃለ ጉባኤው ወደ ከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ይላካል፤ እሷም አብራ ትላካለች። እዚያ ገብቶ በቶሎ የተመለሰ ሰው ሁለታችንም አናውቅም። ሁለተኛው፣ የባሏን ስም በሐሰት ማጥፋቷን አምና ግለ ሂስ ታደርጋለች። እሱም ሐሙስ ጠዋት ሕዝብ እየሰማ በድምፅ ማጉያ ይነበባል።

«እሷ ማንበብ አትችልም» አልኩ።

«አንቺ ትችያለሽ። ጽሑፉንም አንቺው አሳምሪው፤ ያውቁበታል ያንቺ እጆች።» ከዚያ መሳቢያውን ከፈት አደረገና «የሬዲዮዋ ደብዳቤሽም ከዚያ በኋላ ይታያል» አለኝ።

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ማለት እችል ነበር። ተሳስቼ ነው፣ እሷ እንዲህ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያጋነንኩት ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እሱን ብል በዕቃ ቤቱ ውስጥ እኔ እቀመጣለሁ፣ ደብዳቤውም ይቀራል። ፈራሁ። ደብዳቤውንም ፈለግሁት። የቱ እንደበለጠ ስንት ዓመት አስቤ ለይቼ አላውቀውም። «እሺ ጓድ ሊቀመንበር» ብዬ ወጣሁ።

እናቴ ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ አፋፍ ላይ ወጥተሽ ጠበቅሻት?» እንዲያ ተናግራኝ አታውቅም።

ረቡዕ ዕለት የጻፍኩትን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ትልቋ ልጇ ያመጣችላት የምግብ ሳህን ሳይነካ አጠገቧ አለ። አነበብኩላት። «ባሌ መልካም ጓድ ነው፤ አንድም ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ በኋላ ቀር አስተሳሰብ ተታልዬ ስሙን በሐሰት አጥፍቻለሁ» ይላል። እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝ።

«ያልኩትን ማን ነገራቸው?» አለችኝ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌው ነው፣ እትዬ።»

«ቃለ ጉባኤ ምንድነው?»

«ስብሰባ ላይ የተባለው ሁሉ የሚጻፍበት ነው።»

«ኃጢአትም ይጻፋል?»

  እኔን የምታየኝ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምታየኝ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነበር። «እኔ እኮ ላንቺ ነበር የነገርኩት» አለች። ቆየት ብላ «ያልሽውን በይ፣ ልጆቼ ጋ ልግባ» አለችና አውራ ጣቷን ለቀለሙ ዘረጋችልኝ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ስሟን መጻፍ ትችላለች። ግን አልጻፈችም፤ ጣቷን ብቻ ሰጠችኝ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ግንዱ ሥር አቆሟት። ከመስኮቱ በኩል ትታየኛለች፤ ግራ እጇን አሁንም ሸፍናዋለች። ባሏ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ማይክራፎኑን ከፈትኩና አነበብኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን አንብቤ አላውቅም። የት ላይ ድምፄን ልጎትት፣ የት ላይ ልረፍ፣ ሁሉም እንደ ውሃ ወረደልኝ። መጋዘኑ ደጅ ያሉት ሴቶች አንዳቸውም ቀና አላሉም። ጥሩውን ወዲህ፣ የነቀዘውን ወዲያ። እኔ የማየው እጆቻቸውን ብቻ ነበር። ሳነብ «እኔ» እያልኩ ነው፤ በእሷ ስም፣ በእኔ ድምፅ፣ ተመትቼ አላውቅም አልኩ።

እሷን በዚያው ዕለት ለቀቋት። ወደ ባሏ ቤት ነው የለቀቋት፤ ሌላ ወዴት።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ጠራኝ። ደስ ብሎታል። ለሬዲዮ ጣቢያው የጻፈውን ደብዳቤ አሳየኝ፤ ማኅተም አርፎበታል። ጓዲት በቅስቀሳ ሥራ ያላት ሚና ከፍተኛ በመሆኑ ቀበሌው ሊለቃት የማይችል መሆኑን በትህትና እንገልጻለን ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ደብዳቤ እሰጥሻለሁ ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ይታያል ነው ያልኩሽ፤ ታየ። ሐሙስ ዕለት እኔ ራሴ ቆሜ ሰማሁሽ እኮ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ለአዲስ አበባ አሳልፌ ልስጥ?» ሊያስከፋኝ አይደለም፣ ከልቡ እያመሰገነኝ ነበር። ወጥቼ ከግቢው አጥር ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ለራሴ ነበር ያለቀስኩት፤ ለእሷ እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም። ይህን ሳውቅ ዕንባዬ ደረቀ።

እትዬ ከኪነት ቡድኑ ቀረች። ስብሰባ ግን አትቀርም፤ መቅረት ያስጠይቃላ። ግለ ሂስ ሲባል ሁሉም ሴት «የለኝም» ማለት ለመደ። ወተት የቀመሰም፣ ጎረቤት የረገመም የለም። አንድ ቅዳሜ ሁሉም የለኝም ብለው ሲጨርሱ እትዬ እኔን አየችኝና ዓይኗን አሸሸች። ከዚያ በኋላ ነው ይቅርታ ልጠይቃት መጋዘኑ ድረስ የሄድኩት። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

መጀመሪያ የያዘችውን እፍኝ ቦሎቄ ለቅማ ጨረሰች። ቅር ብሏት አይደለም፤ እንደማስበው መልሱን በትክክል ልታገኘው ፈልጋ ነው።

«ቄስ የነገሩትን ንስሐ አደባባይ ሲያወጣ ከክህነቱ ይሻራል» አለችኝ በመጨረሻ። «አንቺን ግን አይሽሩሽም።»

ስድብ አልነበረም፤ አዝናልኝ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ የድምፅ ማጉያው ሥራ ይነሳልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። አንዴ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ፣ አንዴ እናቴ ታማብኛለች አልኩ፣ በመጨረሻ ያለ ምክንያት ለመንኩ። ሦስቱንም ጊዜ አመስግነው መለሱኝ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ እዚያ ቦሎቄ ስትለቅም እኔ በድምፅ ማጉያው ከራሷ በላይ ስለ ሴቶች ነፃነት ስናገር ኖርኩ።